ተራዋን አምጪልኝ

ጥቅምት 6

የቢሮው ምድር ቤት ቀለም ሊቀባ ነው ተባለ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚባረር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔና እጮቼ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «የቀለሙ ሽታ ይፈጃቸዋል፤ ቤትሽ ውሰጃቸው። እናትሽ ቅር አይላቸውም መቼም» አለ። እናቴን አያውቃትም።

ሁለት የፕላስቲክ ሣጥኖች፣ ክዳናቸው መረብ የሆነ። አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ኬክ ነው?» አለችኝ። ኬክ ነው አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? የወይዘሪት ልጆች ናቸው ልበላት?

ቢሮ ውስጥ «ወይዘሪት» ነው የምንላት፤ የሳይንስ ስሟን ለመጥራት ምላስ ይተሳሰራል። ደረቅ ቅጠል የመሰለች ትንሽ ቡናማ ቢራቢሮ፣ ክንፏ ላይ አንድም ጌጥ የሌላት። ከከተማው ጫፍ ካለው ረግረግ በቀር የትም ታይታ አታውቅም። ደረጃዋ «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች» ነው። ረግረጉም እስከ ዛሬ ያልተነካው በእሷ ምክንያት ነው፤ የአውቶቡስ ጋራዥ ሊሠሩበት ካሰቡ ቆይተዋል። የደረጃ ግምገማው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ። ደረጃዋ ከወረደ ረግረጉ አፈር ይሞላበታል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ቤት ስደርስ እማዬ ከጓሮ ጮኸች። «ነይ! ነይ! መጣችልሽ!»

«ተራ ናት፣ እማዬ» አልኳት ጫማዬን እያወለቅሁ። ቀና እንኳ አላልኩም። ለእማዬ የሚበር ነገር ሁሉ የእኔ ነው።

ጥቅምት 8

እማዬ ሣጥኖቹን ከፍታ አየች። «ትል ቤቴ አስገባሽ።» ትል ሳይሆን እጭ ነው አልኳት። «ስሙን ብታሳምሪው ትልነቱ ሊቀር ነው?»

ዕቃ ቤት፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ያ ክፍል ሲበርድ ለጉድ ነው፤ ለእነሱ ግን ጥሩ ነው። የጋሼ ትእዛዝ ነው፦ «እንደ ረግረጉ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሁልጊዜ።» ጋሼ አስተማሪዬ ነበሩ። ወይዘሪትን አግኝተው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ናቸው። እሳቸው እንዳሉት ቀዝቃዛ ቦታ እናሳድጋለን፣ ሁሌም ያቺው ወይዘሪት ሆና ትወጣለች።

የሁለቱም ሣጥን እጮች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መስከረም ላይ ከረግረጉ በገዛ እጄ ያመጣኋት ናት፤ እንቁላሏን ጥላልኝ በማግሥቱ ሞተች።

ጥቅምት 12

እማዬን ሣር ስትለውጥላቸው ደረስኩባት። «ርቧቸው ነው» አለች፣ የሰው ኪስ ስትገባ እንደተያዘች ደንግጣ።

ጥቅምት 19

ከአለቃዬ ጋር ረግረጉ ሄድን። ውኃው ቀንሷል። ወይዘሪቶች በሣሩ መሃል ዝቅ ብለው ይበራሉ፤ ሲያርፉ ከቅጠሉ አይለዩም። የጋራዡ መሐንዲስም እዚያው ነበር፣ ችካል እየተከለ። ፈቃድ ሳያገኝ መለካት መጀመሩ አናደደኝ። ሰውየው ግን ጨዋ ነው፤ መቆጣት እንኳ አስቸገረኝ።

«እህቴ፣ ለክፋት አይደለም። አውቶቡሶቹ መንገድ ዳር ነው የሚያድሩት። ይቺ ቢራቢሮ ግን... ምን ትጠቅማለች?»

«ከዚህ ሌላ የትም የለችም» አልኩት።

«እሱ መልስ ነው?»

መልስ ነው? ያለኝ እሱ ብቻ ነው። መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስለው መጣሁ።

ኅዳር 2

ሁሉም ሙሽሬ ሆነዋል፣ ከእጭ ወደ ቢራቢሮ መሸጋገሪያው። ከመረቡ ሥር ተንጠልጥለው ጸጥ። እኔ የግምገማው ጽሑፍ ውስጥ ሰምጬ ሣጥኖቹን ለእማዬ ትቼላታለሁ። ደግሞ የሚገርመው... ታወራቸዋለች። «ደህና አደራችሁ?» ስትል ሰማኋት። እኔን እንዲያ ብላኝ አታውቅም።

ኅዳር 9

ዛሬ ጠዋት አንዷ ወጣች።

ግን ይቺ ምንድን ናት?

ክንፏ ጠርዝ ላይ ዓይን አላት። ትልልቅ ዓይኖች... ጥቁር፣ ዙሪያው ቢጫ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ። ወይዘሪት ዓይን የላትም። ዓይን ያላት ተራዋ ናት፤ ልጆች ሳለን የትምህርት ቤቱን አጥር የምትሞላው፣ ማንም የማይዞርላት። ከየት መጣች? ሣሩ ላይ የነበረ እንቁላል አብሮ ገብቶ ይሆን?

መስኮቱን ከፍቼ አባረርኳት። ቢሮ ረፍዶብኝ ነበር።

ኅዳር 10

ሌሎቹም! ከዚያው ሣጥን የወጡት በሙሉ ባለ ዓይን። አንዲት ወይዘሪት የለችበትም። እነሱንም ለቀቅኳቸው፤ ምን ላድርጋቸው? ሁለተኛው ሣጥን ገና ነው።

ጭንቅላቴ ዞሯል። እናታቸውን እኔ ነኝ የያዝኳት። በእጄ። ወይዘሪት ነበረች፤ እምላለሁ። ወይስ ዓይኔ ነው? መነጽርሽን ቀይሪ ከተባልኩ ቆየሁ...

ኅዳር 11

ጉድ ፈላ።

እራት ላይ ስለ ሣጥኑ ሳማርር እማዬ ዝም አለች። እማዬ ዝም ካለች ነገር አለ።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም።»

«እማዬ።»

«ብርድ ይፈጃቸዋል ብዬ ነዋ! አንቺ ስትወጪ ሣጥኑን ምድጃው አጠገብ አመጣዋለሁ፣ ሳትመጪ እመልሰዋለሁ። አንዱን ብቻ ነው፤ የምድጃው ጎን መደርደሪያ ለሁለተኛው አልበቃ አለ። እንግዲህ ግደይኝ።»

ጮህኩባት። የሙከራ ሥራ ነው፣ የረግረጉ ጉዳይ ነው፣ ያላልኩት የለም። ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባኝ... ወይስ አልገባኝም? አንድ እናት። አንድ ሣር። ልዩነቱ ሙቀቱ ብቻ።

ሁለተኛው ሣጥን እስኪወጣ ምንም አልልም።

ኅዳር 16

ወጡ። ከብርዱ ሣጥን። ሁሉም ደረቅ ቅጠል፣ ሁሉም ወይዘሪት።

እህትማማቾች ናቸው። ሲሞቃቸው ዓይን ያወጣሉ፣ ሲበርዳቸው ቅጠል ይመስላሉ። ወይዘሪት የምትባል ሌላ ቢራቢሮ የለችም ማለት ነው። ተራዋ ናት፣ የብርድ ልብሷን ለብሳ። ረግረጉ ጉድጓድ ስለሆነ ሁሌም ይበርዳል፤ እኛም «እንደ ረግረጉ» እያልን ሁሌም በብርድ አሳደግናት። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አንዲት ሣጥን ወደ ምድጃ ባስጠጋ ኖሮ!

እና ምን ልጽፍ ነው? ተራ ነገር አይጠፋም። ተራ ነገር ደረጃ የለውም። ረግረጉ አለቀለት ማለት ነው... በእማዬ ርኅራኄ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። «ደህና ናቸው ወይ?» አለችኝ መጀመሪያ።

ኅዳር 17

ለአለቃዬ ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ቀጥሎ መስኮቱንም።

«ከግምገማ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?»

«ታዲያ መቼ ይወራል?»

«በኋላ። ወይም ጭራሽ።» ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ስሚ፣ እኔ ዋሺ አላልኩሽም። የአንዲት ማብሰያ ቤት ሙከራ ናት። ድገሚው። ሲደገም ግምገማው ያልፋል።»

ክፉ ሰው አይደለም። ረግረጉን ይወዳል፤ የምሳ ዕቃውን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን ይሄዳል። ያለው ነገርም እኮ ስሕተት የለበትም። መደገም አለበት። ታዲያ ለምን ሌባ ሌባ ሸተትኩ?

ኅዳር 19

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እንዴት ልጀምር? ዕድሜ ልክ የደከሙባት የለችም ይባላል? ስለ አየሩ አወራሁ። ስለ ቀለሙ አወራሁ። በመጨረሻ አፈረጥኩት።



«ምድጃ?» አሉ። «እናትሽ... ምድጃ አጠገብ?»

ሳቁ ወይስ ሳሉ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ቀና ብለው እንደ ድሮው፣ እንደ ክፍል ውስጥ፣ «አላምንም» አሉኝ። «ሁለቱን ጎን ለጎን ሆዳቸውን ከፍቼ በአጉሊ መነጽር ካላየሁ አላምንም። ወይዘሪት ከአንቺ ዘንድ አለች። ተራዋን አምጪልኝ። ከምድጃሽ የወጣችውን ማለቴ አይደለም፤ ከውጭ፣ ከአጥር ላይ ይዘሽ። ከመሳቢያ ያረጀም እንዳታመጪብኝ፣ ይፈረፈራል።»

ተራዋን? ልቤ ቅልል አለኝ። በእጄ እይዛታለሁ እንጂ መረብም አያስፈልግ።

ኅዳር 20

ከቢሮ በፊት መናፈሻው ጋ ዞር ዞር አልኩ። አላገኘሁም። ነፋስ ነበር መሰለኝ።

ኅዳር 21

ድሮ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። አጥሩ የቁጥቋጦ ነበር፤ አሁን ብሎኬት ነው። ሜዳው ንጣፍ ለብሷል። ያምራል፣ አይካድም። ጤና ጣቢያው ግቢ ሣር አለ፤ ግን ሥሩ ድረስ የታጨደ።

ዘበኛው መረቤን አይቶ ሳቀ። «ቢራቢሮ? ያቺ ባለ ዓይኗ? ሞልቶ!»

«መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?»

«እኔ? ያው...» ራሱን አከከ። «ሁሌ ነው እኮ የማያት።»

«ለምሳሌ ዘንድሮ?»

«ዘንድሮ እንኳ...» ከዚያ በእኔ ተናደደ፣ የሆነ ነገር የሰረቅኩበት ይመስል።

ኅዳር 22

ጋዜጣ ሻጯን ጠየቅኳት። ጫማ ሰፊውን። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩን። ሁሉም «ሞልቶ» ይላሉ። መቼ ስል ሁሉም ይደናገራሉ። እኔስ? እኔ ራሴ መቼ ነው ያየኋት? ሁሌ አይደል... ሁሌ ማለት መቼ ነው?

ብርዱ ይሆን? አሁን ከተማው ውስጥም ዓይኗን ደብቃ ይሆናል። ግን ደረቅ ቅጠል የምትመስለዋንም እኮ አላገኘሁም። ምንም ቡናማ ነገር አላየሁም። ነጭ፣ አንድ ሁለት ቢጫ... ቡናማ የለም። ግራ ገብቶኛል። እግሬ አብጧል።

ኅዳር 23

ቢሮ የተራዋን መሳቢያ ከፈትኩ። ዝገት ይዞ አልከፈት ብሎኝ ነበር፤ አለቃዬ በጉልበቱ ጎተተልኝ።

ተደርድራለች፣ በዓይኖቿ እያየችን። ሥሯ የተሰኩትን ወረቀቶች አነበብን። በሁሉም ወር ተይዛለች፣ ኅዳርም ታኅሣሥም። ገበያው ዳር፣ ሆስፒታሉ ግቢ፣ ባቡር ጣቢያው። ወሩ አይደለም ማለት ነው። ብርዱም አይደለም። የመጨረሻዋ የተያዘችው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አንዲት አልሰካም። ለምን ብሎ ይሰካል? ተራ ናት እኮ።

የወይዘሪት መሳቢያ ቀጥሎ ነው። በየዓመቱ፣ በየወቅቱ ሞልቷል። እኛ ሁላችን አንዷ ላይ ዓይናችንን ተክለን፣ ያቺኛዋ ከጎናችን ሹልክ ብላ ሄደች።

አለቃዬ መሳቢያውን ቶሎ አልዘጋውም። «እኔ...» አለ፤ «እኔ እንኳ ባለፈው በጋ... አይ።» ተወው።

ኅዳር 24

እማዬን ጠየቅኳት። በቃ ሁሉንም የምጠይቀው ይህን ሆኗል፤ ባለ ዓይኗን መቼ አየሽ?

«በቅርቡ ነዋ!» አለች።

ከወንበሬ ተነሳሁ። የት? መቼ?

«ያን ሰሞን በመስኮት ያባረርሻቸው። አንዷ ተመልሳ መጋረጃው ላይ ቆይታለች፣ ቀኑን ሙሉ። ክንፏን ከፈት ዘጋ ስታደርግ ታምር ነበር።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ተራ ናት ትያለሽ ብዬ ነዋ።»

ክው አልኩ። እማዬ ስንት ጊዜ ከጓሮ ጠርታኛለች? ያን ሁሉ ጊዜ «መጣችልሽ» ስትለኝ የመጣችው የትኛዋ ነበረች? አላውቅም። አንድም ቀን ዞሬ አላየሁም። ምናልባት በዚህ ከተማ የመጨረሻዎቹ ባለ ዓይኖች ከምድጃችን ወጥተው በመስኮት ያባረርኳቸው ናቸው።

አለቀስኩ። እማዬ ግራ ገባት። «እንዴ፣ ለተራዋ?» አለች፣ ጀርባዬን እያሻሸች።

ኅዳር 26

የመሳቢያዋን የመጨረሻዋን ባለ ዓይን ይዤ ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ።

«ያረጀ አታምጪ አላልኩሽም?»

«ሌላ የለም፣ ጋሼ። አጣኋት።»

«ተራዋን አጣሽ?»

«ተራዋን አጣኋት።»

ብዙም አልጠየቁኝም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሁለቱንም እኔ ከፈትኩላቸው፤ እሳቸው አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎነበሱ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያዋ። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ የማውቀውን ነገር እንዳያዩት እየጸለይኩ ነበር፤ ደግሞ እንዲያዩትም። ሰው እንዲህም ይሆናል?

«አንድ ናቸው» አሉ ሳይነሱ። «አንድ ናቸው። ያወጣሁላትን ስም ሰርዢው።»

«ጋሼ...»

«ሰርዢው እንጂ። የተራዋ የቀድሞ ስም ይበቃታል። ረግረጉ ውስጥ ያሉት እንግዲህ የቀሩት ተራዎች ናቸው ብለሽ ጻፊ። ሌላ ቦታ ስለመኖሯ አናውቅም በይ። አናውቅም ማለት አያሳፍርም፤ እኔ ነኝ ዘግይቼ የተማርኩት።»

በር ድረስ ሊሸኙኝ ተነሱ። አልጋቸው ራስጌ ላይ በመስታወት የተከበበች አንዲት ወይዘሪት ተሰቅላለች፣ ከሥሯ ስማቸው። ዞር ብለው አዩዋት። «ትቆይ እንጂ» አሉ። «እሷ ምን አጠፋች።»

ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን? መንገድ ላይ ሁለቱንም ሞከርኩ፣ አንዱም አልሆን አለኝ።

ታኅሣሥ 4

ግምገማው ነበር። ጽሑፉን አንዲት ነገር ሳልቀንስ አነበብኩ፤ ምድጃውንም ጭምር። አለቃዬ ጎኔ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል፤ ግን አላቋረጠኝም። እንዲያውም ስጨርስ «እኔም አብሬ ፈርሜበታለሁ» አለ። አልፈረመም ነበር። እዚያው ፈረመ።

መሐንዲሱ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። ብርቅ የተባለችው ተራ ሆነች?»

«አዎ።»

«ተራ የተባለችው ደግሞ የለችም?»

«አላገኘናትም።»

«ታዲያ ደረጃዋ ምንድን ነው?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። «አናውቅም» አልኩ። 

ተጨቃጨቁ። አንዱ የተዘረፈ ያህል ጮኸ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ፣ «ሳናውቅ አፈር አንሞላም። ከተማው ሁሉ ይፈለግ፤ እስከዚያ ረግረጉ ባለበት ይቆይ» አሉ። ደረጃው ቦታ ላይ የተጻፈው «መረጃ የሌላት» ነው። የወይዘሪት ስም ተሰረዘ። ያገኘነው ጊዜ ነው እንጂ ድል አይደለም። ፍለጋው ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

መሐንዲሱ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ሊጣላኝ መስሎኝ ነበር።

«ባለ ዓይኗ...» አለ። «ልጅ ሆነን ክንፏን ይዘን ግንባራችን ላይ እንለጥፍ ነበር። ዛሬ እስክታነቢው ድረስ ሁሌ የማያት ነበር የሚመስለኝ።»

 አብረን ወረድን።

ታኅሣሥ 12

ቅዳሜ። ቤት ነበርኩ፣ የልብስ ክምር ፊቴ። እማዬ ከጓሮ ጮኸች፦

«ነይ! ነይ! መጣችልሽ!»

ሮጥኩ። አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው ያደረግኩት፣ በአንዱ እግሬ የሚወጋ ነገር ረገጥኩ። እማዬ እጇን ዘርግታ እንዳልጠጋ ከለከለችኝ። ልብስ መስቀያው ገመድ ላይ፣ እርጥብ አንሶላው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ነጭ ናት። ዓይን የላትም። ባለ ዓይኗ አይደለችም፤ ያቺ በየመንገዱ የምትበረው ነጭ።

እማዬ ፊቴን አየች። እንዳዘንኩ ገባት መሰለኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተራ ናት?» አለችኝ።

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«እንጃ፣ እማዬ። እስቲ እንያት።»

አንሶላው እስኪደርቅ ቆመን አየናት።